ከለገሃር እስከ ጅቡቲ፦ ፈረስ ይቀድማል ወይስ ግመል?

ጥያቄ፦ «ዶክተር፣ እኔ ድሬዳዋ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ አሁን የምኖረው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። አማቴ ደግሞ የሰላሌ ሰው ናቸው። ባለፈው እሁድ ምሳ ላይ ሳላስበው ‹ግመል ከፈረስ ይበልጣል› ብዬ ተናገርሁና ቤቱ ሰላም አጣ። ክርክሩ ወደ ውርርድ ተለውጦ እዚህ ደርሰናል፦ ፈረስና ግመል ከለገሃር እኩል ቢነሱ ጅቡቲ ማን ቀድሞ ይገባል? በጉልበትስ ማን ይበልጣል? ሻኛው ውስጥ ውሃ አለ የሚባለው እውነት ነው? ባለቤቴ ደግሞ ‹በቅሎ እንዳለች ሁሉ ከፈረስና ከግመል የሚወለድ የለም ወይ?› ብለህ ጠይቅልኝ ብላለች።»

ምላሽ፦ ለአማትዎ አክብሮቴን ያድርሱልኝ፤ ከሰላሌ ሰው ጋር በፈረስ ጉዳይ መከራከር ድፍረት ይጠይቃል። እኔ በእንስሳት ሐኪምነቴ ከሁለቱም ጋር ኖሬአለሁ። በወጣትነቴ አፋር ውስጥ ግመል ሳክም ከረምሁ፤ ወደ አዲስ አበባ ከተመለስሁ ወዲህ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የምጠራው ለፈረስ ነው። በሁለቱም ተረግጫለሁ፤ ስለዚህ ለማንም አላዳላም።

ውርርዱን የሚፈታው ውሃ ስለሆነ ከሻኛው ልጀምር። ሻኛው ውስጥ ውሃ የለም፤ ስብ ነው። ሥጋ ቤት ገብተው የበሬ ሻኛ አዝዘው የሚያውቁ ከሆነ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ አይጠፋዎትም፤ የግመሉ ግን እስከ 35 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። «ስብ ሲቃጠል ውሃ ይሰጣል» የሚሉ ሰዎች አልተሳሳቱም፤ ከ1 ኪሎ ስብ ከ1 ሊትር ጥቂት የሚበልጥ ውሃ ይገኛል። ይሁን እንጂ ስቡን ለማቃጠል ኦክስጅን ያስፈልጋል፤ ኦክስጅን ለማግኘት መተንፈስ ግድ ነው፤ በበረሃ ደረቅ አየር ውስጥ ደግሞ እያንዳንዱ ትንፋሽ ከሳንባ እርጥበት ይዞ ይወጣል። ሒሳቡ ሲወራረድ ግመሉ ከሻኛው ውሃ አያተርፍም። ሻኛው ስንቁ ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ ያ ሁሉ ስብ ከቆዳው ሥር ገላው ላይ ተነጥፎ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝበት ነበር፤ አንድ ቦታ በመከመሩ የቀረው ገላ በቀላሉ ይቀዘቅዛል።

የግመል ምሥጢር ያለው ሌላ ቦታ ነው። አፋር በገባሁበት ዓመት፣ ለብዙ ቀናት ውሃ ሳትጠጣ ተጉዛ የመጣችን እንስት ግመል የሰውነት ሙቀት ጎህ ሳይቀድ ለካሁ፤ 35 ዲግሪ። ላም ብትሆን ኖሮ አልቆላታል ብዬ ባለቤቷን ማጽናናት በጀመርሁ ነበር። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስለካት ከ40 አልፏል። ጠዋት በብርድ የምትሞት፣ ከሰዓት በትኩሳት የምትቃጠል! ቴርሞሜትሩን በደንብ አጥቤ በራሴ ብብት ውስጥ አደረግሁት፤ ምንም አልሆነም፣ በትክክል ይሠራል። ባለቤቷ፣ ጺማቸውን በሂና ያቀሉ ሽማግሌ፣ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲያዩኝ ቆይተው «ግመሏ ደህና ናት፤ አንተን ግን ፀሐይ ሳይመታህ አልቀረም» አሉኝ።

ልክ ነበሩ። የጠማው ግመል የሰውነቱን ሙቀት ከ34 እስከ 41 ዲግሪ ድረስ ይለዋውጠዋል። ቀን ላይ ሙቀቱን በላብ ከማባረር ይልቅ ገላው ውስጥ ያጠራቅመዋል፤ ሌሊት አየሩ ሲቀዘቅዝ ያለ ምንም ወጪ ይለቀዋል። 500 ኪሎ የሚመዝን ግመል በዚህ ዘዴ ብቻ በቀን ወደ 5 ሊትር የሚጠጋ ላብ ያድናል። ቁጠባው በዚህ አያበቃም። ከሳንባው የሚወጣውን እርጥበት አፍንጫው ውስጥ መልሶ ይይዘዋል፤ ሽንቱ እንደ ሽሮፕ ይወፍራል፤ በጠጡም እጅግ ደረቅ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጠጉር እንኳ የፀሐይ መከላከያ ነው፤ ጠጉሩ የተሸለተ ግመል ካልተሸለተው ይልቅ ብዙ ያልበዋል።

ደሙም ልዩ ነው። የአጥቢ እንስሳት ቀይ የደም ሕዋስ ክብ ሲሆን የግመልና የቅርብ ዘመዶቹ ግን ሞላላ ነው። ተማሪ ሳለሁ ለመጀመሪያ ጊዜ በማይክሮስኮፕ ሳየው የዶሮ ደም ተቀይጦብኝ መስሎኝ መስታወቱን ጥዬ እንደገና ቀባሁ። እነዚህ ሞላላ ሕዋሳት ደሙ በውሃ እጥረት ሲወፍር በጠባብ ሥር ውስጥ ሾልከው ያልፋሉ፤ ውሃ ሲገኝ ደግሞ ከእጥፍ በላይ አብጠው አይፈነዱም። የተጠማ ግመል ጉድጓድ ደርሶ በ10 እና በ15 ደቂቃ መካከል 100 ሊትር ጠጥቶ በሰላም የሚሄደው በዚህ የተነሳ ነው። ሌላ እንስሳ በዚያ ፍጥነት ያን ያህል ቢጠጣ ደሙ ይበላሽ ነበር።

አሁን ወደ አማትዎ ወገን እንሻገር። ፈረስ ውሃን በተመለከተ ስስት አያውቅም። ጃንሜዳ የፈረስ ግልቢያ ያየ ሰው ከኮርቻው ሥርና ከጭኖቹ መካከል የሚወጣውን ነጭ አረፋ ያስታውሳል። ያ አረፋ የፈረስ ላብ ውስጥ ካለ እንደ ሳሙና ከሚሠራ ፕሮቲን የሚመጣ ነው፤ ላቡ በጠጉሩ ውስጥ ሰርጎ እንዲዘረጋና ቶሎ እንዲተን ያደርገዋል። እንደ ሰው በላብ ገላውን የሚያቀዘቅዝ እንስሳ ጥቂት ነው፤ ፈረስ በዚህ ከእኛም ይብሳል። ትልቅ ፈረስ በሙቀት ውስጥ ከበድ ያለ ሥራ ሲሠራ በሰዓት ከ10 እስከ 15 ሊትር ሊያልበው ይችላል።

አንድ አደገኛ ነገር አለው። የፈረስ ላብ እጅግ ጨዋማ ነው፤ ውሃውና ጨው አብረው ስለሚወጡ ደሙ አይጨውም፣ አንጎሉም «ጠማኝ» የሚለውን መልእክት አያገኝም። ስለዚህ በጣም የደከመ ፈረስ ባልዲ ሲቀርብለት ፊቱን ያዞራል። ብዙ ባለ ፈረሶች ይህን «ጠግቧል» ብለው ይተረጉሙታል፤ ስሕተት ነው። ጨው ስጡት፤ ከዚያ ይጠጣል።

በሒሳብ እንየው። አብዛኛው እንስሳ ከክብደቱ ከ12 እስከ 15 በመቶ የሚሆን ውሃ በሙቀት ውስጥ ካጣ ይሞታል፤ ግመል ግን 25 በመቶ አጥቶ ይራመዳል። 250 ኪሎ ለሚመዝን የአገራችን ፈረስ 12 በመቶ ማለት 30 ሊትር ነው፤ 450 ኪሎ ለሚመዝን ግመል 25 በመቶ ከ110 ሊትር ይበልጣል። ፈረሱ ያቺን 30 ሊትር በአንድ ትኩስ ቀን ሥራ ሊጨርሳት ይችላል። ግመሉ የራሱን ለመጨረስ ሳምንትና ከዚያም በላይ ይፈጅበታል።

ታዲያ ፈረስ ያን ሁሉ ውሃ የሚያፈሰው ምን ለማግኘት ነው? ፍጥነት ለማግኘት። እዚህ ላይ ግመል አይቀድመውም። ቆሞ ሲያርፍ የፈረስ ልብ በደቂቃ ከ28 እስከ 44 ጊዜ ይመታል፤ በግልቢያ ጊዜ ከ220 ያልፋል። ከሁሉ የሚገርመኝ ጣፊያው ነው። ፈረስ ትርፍ ቀይ የደም ሕዋሱን ጣፊያው ውስጥ አስቀምጦ ይኖርና መሮጥ ሲጀምር ጨምቆ ወደ ደሙ ይለቀዋል፤ በአንድ ጊዜ ኦክስጅን የሚሸከመው አቅም ያሻቅባል። ከሩጫ በኋላ ወዲያው የተወሰደ ደምና ጠዋት በረት ውስጥ የተወሰደ ደም የአንድ ፈረስ አይመስሉም።

እግሩን ይመልከቱ። ፈረስ የሚሮጠው በየእግሩ በአንድ ጣት፣ ያውም በመካከለኛው ጣት ጥፍር ላይ ነው፤ ሰኮና የምንለው ያንን ጥፍር ነው። ጡንቻው ሁሉ ወደ ላይ፣ ወደ ትከሻና ወደ ዳሌ ተሰብስቧል፤ ከጉልበት በታች የቀረው አጥንትና ጅማት ነው። ጅማቱ ሲረግጥ ይለጠጣል፣ ሲነሳ ይወረወራል። ቀላል እግር ቶሎ ይወናጨፋል፤ ዋጋውም ቶሎ መሰበሩ ነው። ሜዳ ላይ የሠለጠነ የእሽቅድምድም ፈረስ በሰዓት 70 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ግመልም ቀርፋፋ አይደለም፤ ለአጭር ርቀት 65 ይደርሳል፣ በ40 ደግሞ አንድ ሰዓት ያህል ሊቆይ ይችላል። የውድድሮቹን ርዝመት ማነጻጸር በቂ ነው፦ የፈረስ እሽቅድምድም አብዛኛውን ጊዜ ከ3 ኪሎ ሜትር አያልፍም፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የግመል ውድድር 8 እና 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል።

የግመል እግር ሌላ ዓለም ነው። ሁለት ጣት አለው፣ ከሥሩ ደግሞ ሰፊና ለስላሳ መረገጫ። አውራ ጣትዎን ቢጫኑበት እንደ ቦካ ሊጥ ገባ ብሎ ይመለሳል። አሸዋ ላይ ሲረግጥ ይዘረጋል፣ ስለዚህ አይሰምጥም። አረማመዱም ይለያል፦ ፈረስ በሶምሶማ የቀኝ ፊተኛውንና የግራ ኋለኛውን እግር አንድ ላይ ሲያነሳ ግመል የአንድ ወገን ሁለቱን እግሮች በአንድ ጊዜ ያነሳል። ግመል ላይ የተቀመጠ ሰው ጀልባ ላይ እንዳለ የሚወዛወዘው ለዚህ ነው። ያው ለስላሳ እግር ግን ክረምት ላይ የአዲስ አበባን ጭቃ ሲረግጥ መከራ ነው። ጥፍሩ መሬት አይቆነጥጥለትም፤ ተንሸራትቶ እግሮቹ ወደ ጎን ከተከፈቱ ዳሌው ሊጎዳና ዳግመኛ ላይነሳ ይችላል። በሐምሌ ከለገሃር የሚነሳ ግመል ገና ከተማውን ሳይወጣ ሊሸነፍ ይችላል፤ አማትዎ የውድድሩን ወር ለመምረጥ ከጠየቁ ይጠንቀቁ።

ፈረስ ክብደቱን በእኩል አይሸከምም፤ ወደ 60 በመቶ የሚጠጋው በፊት እግሮቹ ላይ ያርፋል። አራዳ የቆመውን የዐፄ ምኒልክን ሐውልት፣ ፈረሱ የፊት እግሮቹን አንሥቶ ወደ ላይ ሲነሳ፣ በዚህ ዓይን ይዩት፦ የኋላ እግሮቹ ያልለመዱትን ሸክም ተሸክመው ነው የቆሙት። አባ ዳኘው ከ1923 ዓመተ ምሕረቱ የዘውድ በዓል ዋዜማ ጀምሮ በዚያ አቋቋም ላይ ናቸው፤ ጣልያን ነቅሎ የቀበረበት ዓመታት ሳይቆጠሩ።

ወደ ጉልበት ስንመጣ፣ ጭነት ከሆነ ግመል ነው፤ አማትዎ ይቅር ይበሉኝ። ግመል ከ150 እስከ 200 ኪሎ ጭኖ በቀን ከ30 እስከ 40 ኪሎ ሜትር ለሳምንታት ይጓዛል። ከዳሎል አካባቢ አሞሌ ጨው ጭነው ወደ በርሃሌ የሚወጡትን ግመሎች ያየ ሰው ማስረጃ አያስፈልገውም። ተንበርክኮ ስለሚጫን፣ ደረቱ ሥር ያለው ወፍራም ቆዳ እንደ አምስተኛ እግር ሆኖ ክብደቱን ይቀበልለታል። «ግመል ሰርቆ አጎንብሶ» የተባለለት ቁመት እስከ ሻኛው ከ2 ሜትር ያልፋል፤ ባይንበረከክ ኖሮ ማን ይጭነው ነበር? ፈረስ ላይ የምንመክረው ጭነት የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው ከነኮርቻው 90 ይሆናል፤ በዚህ ሒሳብ 450 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ ያስፈልገዋል። የአገራችን ፈረስ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የዚህ ግማሽ ከጥቂት በላይ ነው። በየቀኑ ከዚህ በላይ እናስጭነዋለን፤ እርሱም ጀርባው እስኪቆስል ድረስ ይታገሠናል።

መሳብ ከሆነ ግን ፈረስ ነው። ጄምስ ዋት በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንፋሎት ሞተሩን ለመሸጥ መለኪያ ሲፈልግ የወሰደው የፈረስን ጉልበት ነበር፤ ዛሬም መርካቶ የውሃ ፓምፕ ሲገዙ ሻጩ የሚነግርዎ «ስንት የፈረስ ጉልበት» እንደሆነ ነው። መለኪያው ፈረስ ቀኑን ሙሉ ሳያቋርጥ ሊሠራ የሚችለውን የሚያሳይ እንጂ ጣሪያው አይደለም፤ ጠንካራ ፈረስ ለጥቂት ሴኮንዶች እስከ 15 የፈረስ ጉልበት ሊያወጣ ይችላል።

እንግዲህ ከለገሃር እናስነሳቸው። ወሩ ጥር ይሁን፣ መሬቱ ደረቅ። በአሮጌው የባቡር መስመር ከሄድን ርቀቱ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነ ከፍታ ተነስተን ባሕሩ ዳር እንጨርሳለን። ቢሾፍቱ ድረስ ፈረሱ ከዓይን ይሰወራል፤ አዳማም ቀድሞ ይገባል። አየሩ ቀዝቃዛ፣ ውሃው ቅርብ፣ መሬቱ የእርሱ ነው። መተሐራ ላይ፣ ከ1,000 ሜትር በታች ስንወርድ፣ ነገሩ ይለወጣል። ሙቀቱ ይጨምራል፣ ሣሩ ይሳሳል። ፈረስ የሚያመሰኳ እንስሳ አይደለም፤ ምግቡን የሚያብላላው በትልቁ አንጀቱ ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ጥቂት በጥቂት መብላት አለበት፤ ካጣ፣ ወይም በአንድ ጊዜ ብዙ ገብስ ካገኘ፣ ቁርጠት ይይዘዋል። ማስመለስ አይችልም። ጎኑ ላይ ጆሮዬን አድርጌ አንጀቱ ዝም ሲል መስማት ከሙያዬ የምጠላው ነገር ነው። ግመሉ በዚያው ሰዓት የግራር ቅርንጫፍ ከነእሾሁ በተሰነጠቀ ከንፈሩ እየሸመጠጠ፣ ማታ እያመሰኳ ይከተላል።

ቆላው ሌላም ጣጣ አለበት። በሌሊት የምትነክስ ጥቃቅን ዝንብ የምታስተላልፈው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ግመልን እምብዛም ሳይነካ ፈረስን በአንድ ሳምንት ይገድላል፤ ክትባቱ እዚያው ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ስለዚህ ፈረሱን ከውድድሩ ብዙ ቀደም ብለው ያስከትቡት። ደጋው ደግሞ በበኩሉ ግመልን አይወድም፤ ብርድና እርጥበት ሳንባውንና ቆዳውን ያሳምሙታል። የጥንት ነጋዴዎች ይህን ያውቁ ነበር። ከዘይላ ወደ ሐረር የሚመጣው ዕቃ እስከ ጊልዴሳ በግመል ይደርስና ዳገቱ ሲጀምር ወደ በቅሎና አህያ ጀርባ ይዛወር ነበር።

ስለዚህ ውርርዱ የሚፈረደው እንዲህ ነው። በየ30 ኪሎ ሜትሩ ውሃ፣ ጨውና መኖ የሚያቀርብ ሰው ካለ ፈረሱ ቀድሞ ጅቡቲ ይገባል፤ አማትዎ ያሸንፋሉ። በዓለም አቀፉ የ160 ኪሎ ሜትር የፈረስ ውድድር የሚደረገው ይኸው ነው፦ ፈረሶቹ በየጣቢያው ይጠጣሉ፣ ሐኪም ልባቸውን ይቆጥራል፣ በተሰጠው ጊዜ ውስጥ ወደ 64 ምት ያልወረደ እንዲቀጥል አይፈቀድለትም። ባልዲ የሚያቀርብ ከሌለ ግን ፈረሱ ከአዋሽ ማዶ ይቀራል፤ እርስዎ ያሸንፋሉ፣ ግን ዘግይተው። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤ ያለ ባልዲ ማድረሱንም ያጠራጥራል። በውላችሁ ውስጥ ስለ ባልዲ የተጻፈ ነገር ስለሌለ ማንም አልተሸነፈም፤ ምሳውን ሁለታችሁም ተካፍላችሁ ክፈሉ።

የባለቤትዎ ጥያቄ ቀረ። አይወለድም። መልካቸው ቢያሳስትም በዝምድና ይራራቃሉ፦ ግመል ለላምና ለአሳማ ይቀርባል፣ ፈረስ ለአውራሪስ። የሁለቱም የዘር ግንድ የበቀለው ግን አንድ አገር፣ ሰሜን አሜሪካ ነው። ወደ እስያ ተሻግረው ተረፉ፣ እዚያው የቀሩት ከ10,000 ዓመታት ገደማ በፊት ጠፉ። ፈረስ 64 ክሮሞሶም አለው፣ አህያ 62፤ ተቀራራቢ ስለሆኑ በቅሎ ትወለዳለች፣ በ63 መካን ሆና። ግመል 74 አለው፤ የደቡብ አሜሪካው ዘመዱ ላማም 74፣ ስለዚህ በ1998 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ዱባይ ውስጥ ሁለቱን በሰው ሠራሽ መንገድ አዳቅለው አንድ ግልገል አስወልደዋል። ከፈረስ ጋር ግን መንገድ የለም።

በቅሎን ካነሳን ዘንድ፣ እሁድ አማትዎ እርሷንም ወደ ውድድሩ ላስገባ ቢሉ አይፍቀዱላቸው፤ ከለገሃር እስከ አዋሽ ባለው ቁልቁለት ሁለቱንም ታሳፍራቸዋለች።